ዊ1 ሴልን «ያሳንሳል» ወይስ «ያዘገያል»?

አንዲት የባዮሎጂ ተማሪ «ዊ1 የተባለው ኪናዝ ሴልን ያሳንሳል ብዬ ፅፌ አስተማሪዬ ሰረዘብኝ፣ የተበላሸው አማርኛው ነው ሳይንሱ?» ብላ ጠይቃኛለች። (ኪናዝ ማለት ሌላ ፕሮቲን ላይ ፎስፌት የሚባል ኬሚካል የሚለጥፍ ፕሮቲን ነው።) ሁለቱም ነው ልጄ፣ ግን ጣጣው የሚጀምረው ከግሱ ነው፣ እኔን ደሞ ይሄ ባለቤትና ግስ ሳይገናኙ የሚፃፍ ነገር ሁሌ ያንገበግበኛል።

እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፖል ነርስ በ1970ዎቹ ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ሆኖ እርሾ ሲያጠና፣ ሳያድጉ የሚከፈሉ ጥቃቅን ሚውታንቶች (ጂናቸው የተለወጠ ሴሎች) አገኘ፣ ስኮቶች ትንሽ ነገርን «ዊ» ስለሚሉ ጂኑም ዊ1 ተባለ። ስሙ የወጣለት እንግዲህ ሲበላሽ ከሚታየው ነው። ደህናው ዊ1 ሴሉን ለመከፈል የሚያነሳሳውን ሲዲሲ2 የሚባል ሌላ ኪናዝ ታይሮሲን 15 ላይ (15ኛው ቦታ ላይ ባለው ታይሮሲን የተባለ አሚኖ አሲዱ ላይ) ፎስፌት ይለጥፍበትና ያግደዋል፣ ሴሉም እስኪያድግ ሳይከፈል ይቆያል። ዊ1 ከሌለ ከልካይ የለም። ስለዚህ «ያሳንሳል» ለሚለው ግስ ባለቤቱ የዊ1 መጥፋት ነው፣ ለራሱ ለኪናዙ «መከፈልን ያዘገያል» በይ። (ቅርፁ ላይ ግን አልተሳሳትሽም፣ አነሰ እንደ አለፈና አመነ በአ ስለሚጀምር በ«አስ» ነው የሚወጣው፣ አሳለፈ፣ አሳመነ፣ አሳነሰ።)

ጂን በስሙ ሥራው ይታወቃል የሚሉ አሉ፣ እነሱ ናቸው እንዲህ የሚያሳስቱት።

ሌላው፣ ሚውቴሽንን «ብልሽት» ብለሽዋል፣ አልወደድኩትም። የሲዲሲ2 ጂን ሲበላሽ ሴሉ መከፈል አቅቶት ዝም ብሎ ይረዝማል፣ እዚያው ጂን ላይ የተገኘ አንድ ሌላ ሚውቴሽን ግን ኪናዙን የዊ1ን እገዳ እንዳይሰማ አድርጎት ሴሉ ገና በትንሽነቱ ይከፈላል። ሲዲሲ2 የመከፈያውን ሰዓት እንደሚወስን የተገመተው ከዚህ ነው፣ ታዲያ ይሄ ምኑ ብልሽት ነው፣ ኪናዙ እንደውም በርትቷል!

ለኔ ቢተውልኝ «ውላጤ» እል ነበር። ግእዙ ወለጠ ነው፣ አማርኛ ፊደሉን አገላብጦ ለወጠ አለው፣ «ዘእንበለ ውላጤ» የሚለውን ቅዳሴ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። የሃይማኖት ቃል ላብራቶሪ አይገባም ይሉኛል፣ «ባሕርይ»ን ማን አስገባው ታዲያ? የኬሚስትሪው መፅሐፍ በሱ አይደል የሞላው! ግን ምን ዋጋ አለው፣ ከኮሮና ወዲህ ዜናውም ሰፈሩም ሚውቴሽን ብሎ ጨርሷል፣ አንቺም ሚውቴሽን በዪ፣ ምን ይደረጋል።

አረፍተ ነገርሽን እንዲህ አድርጊው፦ «በዊ1 ጂን ላይ ሚውቴሽን ደርሶ ኪናዙ ሲጠፋ ሴሉ ሳያድግ ይከፈላል፤ ከዚህም የኪናዙ ሥራ መከፈልን ማዘግየት እንደሆነ ታወቀ።» አስተማሪሽ ይሄንንም ከሰረዘ ፃፊልኝ።