ክኒን መዋጥ የእምነት ጉድለት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ጎንደር ነው። ሐኪም ድባቴ ነው ብሎ ፍሉኦክሰቲን የተባለ መድኃኒት አዞልኛል። ጠበል አብረውኝ የሚጠመቁ ሰዎች ግን «ክኒኑን ካልተውሽ እምነትሽ ጎዶሎ ነው፤ አእምሮሽንም ይቀይረዋል» አሉኝ። ምን ላድርግ? በጾምስ እንዴት ልውሰደው?

መልስ፦ እኅታችን ሆይ፣ ጠበሉንም ክኒኑንም አትተዪ። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር ያዝዛል፤ መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር እንደ ሆነና ብልህ ሰው እንደማይንቀውም ይናገራል። መድኃኒት መዋጥን ክህደት የሚያደርግ ሰው ክርክሩ ከመጽሐፉ ጋር ነው።

«አእምሮሽን ይቀይረዋል» ለሚሉሽ ግን የክኒኑን ሥራ ማወቅ ይበጅሻል። የአንጎል ነርቭ ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡት በመካከላቸው ወዳለው እጅግ ጠባብ ክፍተት እንደ ሴሮቶኒን፣ ኖርአድሬናሊንና ዶፓሚን ያሉ ንጥረ ነገሮችን በመልቀቅ ሲሆን፣ የተለቀቀውን መልሶ ወደ ሕዋሱ የሚያስገባ አጓጓዥ ፕሮቲንም በሕዋሱ ሽፋን ላይ ይገኛል። ኖርአድሬናሊን በዚህ መንገድ ተመልሶ እንደሚሰበሰብ ያሳየው ጁሊየስ አክስልሮድ እ.ኤ.አ. በ1970 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ነው። ፍሉኦክሰቲን የሴሮቶኒኑን አጓጓዥ ይይዘዋል፤ ሴሮቶኒኑም በክፍተቱ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ፈቃድሽን የሚነጥቅ ነገር የለበትም፤ ጸሎትሽም ንስሓሽም የራስሽ ነው።

አጓጓዡ በሰዓታት ውስጥ ቢያዝም፣ አንጎል ለውጡን እየተላመደ ሕመሙ የሚቀለው ብዙውን ጊዜ ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ስለዚህ በሰባት ቀን ሱባዔ መካከል «ክኒኑ አልጠቀመኝም» ብሎ መጣል ጊዜው ሳይደርስ መፍረድ ይሆናል። ቢሻልሽም በራስሽ አታቁሚ፤ ሕመሙ ሊያገረሽብሽ ይችላልና የሚቆመው በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው። (ክኒኑን «ሱስ ነው» እያሉ ራሳቸው ጫት የሚቅሙ ሰዎች ይገርሙኛል፤ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የዶፓሚኑን አጓጓዥ ሥራ አዛብቶ ዶፓሚን ወደ ክፍተቱ እንዲፈስ ያደርጋል፤ ሱስ የሚያስይዘውም እርሱ ነው።)

ስለ ጾሙ የጠየቅሽው ቀላል ነው። ፍሉኦክሰቲን በአብዛኛው በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድና ከሰውነት ቶሎ የማይወጣ መድኃኒት ስለ ሆነ፣ በጾም ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ በምትቆርቢበት ቀንም ከቁርባን በኋላ ይሁንልኝ ብለሽ ሐኪምሽን ጠይቂ። ሰዓቱ ሊዛወር የማይችል መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ግን ለንስሓ አባቱ ይንገር፤ ቤተ ክርስቲያናችን ሕሙማንን በጾም አታስጨንቅም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፦ በተለይ ክኒኑን በጀመርሽባቸው ሳምንታት ራስን የማጥፋት ሐሳብ ቢመጣብሽ ወይም እንቅልፍ አጥተሽ ከልክ ያለፈ መነቃቃት ቢይዝሽ፣ ሱባዔዬ ይፈጸም ሳትይ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ከቤተሰብሽ አንዱን ይዘሽ ሆስፒታል ሂጂ።