ጥቅሱ ስልኬ ውስጥ አለ፣ ልቤ ውስጥ ግን አልቆይ አለኝ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጅማ መርካቶ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ በቃሌ ለመያዝ ብዬ ስልኬ ላይ አፕ ጫንኩ። የየቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ያሳይና ቀሪውን ጻፊ ይለኛል። የማውቀውን ስጽፍ እንኳ «ተሳስተሻል» ይላል። የያዝኩት ደግሞ ሳምንት አይቆይም። ኔትወርኩም ይቆራረጣል። ልተወው ወይስ ሌላ መላ አለው?

መልስ፦ የኔ እህት፣ ኧረ እንዳትተዪው! ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። በመጀመሪያ ፊደል ማስታወስ ለእንግሊዝኛ ይመች ይሆናል፤ ለእኛ ግን አይመችም። ዮሐንስ 3፥16ን ውሰጂ። በ1954ቱ ትርጉም «እንዲኖረው እንጂ እንዳይጠፋ እግዚአብሔር» ይላል። አራቱም ቃል በ«እ» ይጀምራል። ከጥቅሱ 16 ቃላት ስድስቱ እንደዚያው ናቸው። «እ እ እ እ» የሚል ስክሪን ምን ያስታውሳል? ፊደሉም አለ። አንቺ «ህይወት» ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ አፑ ጋ ያለው «ሕይወት» ነው። ማሽኑ ፊደል እንጂ ልብ አያይም።

እኔ የምመክርሽ አንኪ የሚባለውን አፕ ነው፤ ከፊት ጥያቄ፣ ከጀርባ መልስ የተጻፈበት ካርድ እያሳየ ያስጠናል። አንድሮይድ ላይ አንኪድሮይድ በሚል ስም በነጻ ይገኛል፤ ለአይፎን የተሠራው ግን ይከፈልበታል። አንዴ ከጫንሽው ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ካርዱን ራስሽ ትሠሪዋለሽ፣ ማወቅ አለማወቅሽንም ራስሽ ትፈርጃለሽ። ስለ ፊደል የሚጨቀጭቅሽ የለም።

ካርዱ ላይ ሙሉ ጥቅስ አትጫኚ፤ በሐረግ ከፋፍዪው። ከፊት «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው»፣ ከጀርባ «የሚያሳጣኝም የለም»። ቀጣዩ ካርድ ከፊቱ «የሚያሳጣኝም የለም»፣ ከጀርባው «በለመለመ መስክ ያሳድረኛል»። እንዲህ አንዱ ሐረግ ሌላውን እየጎተተ ይመጣል። የምትጽፊበትን ትርጉም ግን አትቀያይሪ። ዛሬ ከ1954ቱ፣ ነገ ከአዲሱ መደበኛ ትርጉም ከወሰድሽ ሁለቱ አፍሽ ላይ ይደበላለቃሉ።

ሳምንት አለመቆየቱ አያስደንግጥሽ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ራሱን ፈትኖ በ1885 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት አለ። የያዝነው በብዛት የሚጠፋው መጀመሪያ ላይ፣ በሰዓታትና በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠፋው እያነሰ ይሄዳል። አንኪ የሚሠራው በዚህ ነው። የረሳሽውን ካርድ ከደቂቃዎች በኋላ መልሶ ያመጣዋል። ያወቅሽውን በቀናት፣ ቀጥሎም በሳምንታት ያርቀዋል። አንቺ ብቻ በየቀኑ ክፈቺው። ለጥቂት ጊዜ ከተውሽው ካርዱ ተጠራቅሞ ያሰለችሻል።

አሁን ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምነግርሽን ስሚኝ፦ ድምፅሽን አውጪ! በዓይን ብቻ የተጠና ጥቅስ ስልኩ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። እዚሁ ጅማ ቁርኣን የሚሐፍዙትን የሰፈር ልጆች ሰምተሽ የለ? ኡስታዛቸው ፊት ጮክ ብለው ነው በቃላቸው የሚሉት። የኔታ ጋ ዳዊት የሚደግመውም ልጅ እንደዚያው ነው። ስህተቱን ሰምቶ የሚያርመው ሰው አለ። አፕ ይህን አይተካም።

ደግሞ አንቺ እጅሽ እንጂ አፍሽ ሥራ አልያዘም። አንኪድሮይድ ካርድ ላይ ድምፅ መቅዳት ይቻላል። ማታ ጸጥ ሲል በራስሽ ድምፅ ቅጂው። ቀን ስትዘመዝሚና ቁልፍ ስትተክዪ እያዳመጥሽ ተከተዪው። ከዚያ ለቤተሰብ ወይም ለጎረቤት መጽሐፉን አስይዘሽ በቃልሽ በይላቸው።

መዝሙር 23 ስድስት ቁጥር ብቻ ነው፤ በግዕዙ ዳዊት ቁጥሩ 22 ነው። ከእሱ ጀምሪ። ስድስቱም ያለ ስልክ እስኪወጡልሽ ሌላ አትጨምሪ።