አባቴን ሳስታውስ የሚመጣብኝ አልጋው ብቻ ነው

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት ሴት ነኝ። አባቴ ካረፈ ሰባት ወር ሆነው። ከዚያ በፊት አራት ዓመት ተኩል ታሞብኛል። ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፣ አንደበቱም ተያዘ። ከንግግሩ የቀረችው «እሺ» የምትል አንዲት ቃል ነበረች። የሚኖረው እኔ ቤት ነው። ያስታመምኩትም እኔ ነኝ።

ታላቅ ወንድሜ ያለው ሩቅ ስለሆነ በዓመት አንዴ መጥቶ ያየው ነበር። አሁን ስለ አባዬ ሲያወራ ይስቃል። ብስክሌት ሲያስተምረን፣ የላክንለትን ደብዳቤ ሳይቀር በቀይ እስክሪብቶ ሲያርምልን (መምህር ነበር) እያነሳ ይተርካል። እኔ ግን ምንም አይመጣልኝም። ዓይኔን ስጨፍን የማየው አልጋውን፣ መድኃኒቶቹን፣ ያቺን የመጨረሻ ሌሊት ነው። የጤነኛ ጊዜ ድምፁ እንኳ ጠፍቶብኛል።

በቅርቡ ቤተሰቡ እሱን ለማስታወስ ይሰበሰባል። ወንድሜ «አንድ ገጽ ጽፈሽ አንብቢልን» አለኝ። ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴም ቀደድኩት። «አንቺ እኮ ከበሽታው ሌላ ወሬ የለሽም» ሲለኝ ተጣላን። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ደግሞ «አያቴ እኮ አምስት ዓይነት እሺ ነበረው» ብሎ ሲጀምር ተነስቼ እወጣለሁ። ለማንም ያልተናገርኩት ሌላም ነገር አለ። አባቴ ያረፈ ዕለት፣ ተገላገልኩ የሚል ስሜት ተሰምቶኛል። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ሰባት ወር ሙሉ ብቻሽን የተሸከምሽው እሱን ነውና።

በሽተኛ ያስታመመ ሰው አራት ዓመት ተኩል ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ገላው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ይገላበጣል። ሌሊት ትንፋሹ ይደመጣል። ከቤት ወጣ ብለሽ ስልክ ሲጮህ ልብሽ ስንጥቅ ይላል። ሰውነትሽ ለዓመታት ዘብ ቆሞ ነበር። አባትሽ ሲያርፉ ዘቡ ተነሳ። የተሰማሽ እፎይታ ይኸው ነው። እሳቸው ከሥቃይ በማረፋቸው የተሰማሽም እፎይታ አብሮ አለበት። ለረጅም ጊዜ ያስታመሙ ሰዎች ይህንኑ ይነግሩኛል። አብዛኞቹ የሚነግሩኝ ግን የምክር ሰዓታቸው አልቆ፣ ለመሄድ ከተነሱ በኋላ፣ የበሩን እጀታ እንደያዙ ነው። ያን ያህል ያሳፍራቸዋል። አባቷን የማትወድ ልጅ ግን እንደዚያ አታስታምምም።

ደግሞም ኀዘንሽ የጀመረው ከሰባት ወር በፊት አይደለም። ሰው ሳይሞት የሚጀምር ኀዘን አለ። የአእምሮ ሐኪሙ ኤሪክ ሊንደማን እ.ኤ.አ. በ1944 ስለ ኀዘን ባሳተሙት ጽሑፍ ይህንን አንስተውታል። አንቺ አባትሽን ያጣሽው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ድምፃቸውን አጣሽ። ቀጥሎ አካሄዳቸውን። ከዚያ ያንን ቀይ እስክሪብቶ የሚይዘውን ቀኝ እጃቸውን። ለእያንዳንዱ ቁጭ ብለሽ እንዳታለቅሺ የመድኃኒት ሰዓት ይደርስ ነበር። ያኔ ያልተለቀሰው ነው አሁን የሚመጣው።

ታዲያ ደጉ ዘመን የት ገባ? አልጠፋም። ሌላ ነገር ተደርቦበት ነው። አእምሮ ፍርሃትና ጭንቀት ያለበትን ነገር ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። በድንጋጤ ጊዜ የሚመነጩት አድሬናሊንን የመሰሉ ሆርሞኖች የዚያን ሰዓት ትዝታ ያደምቁታል። የመጨረሻዋ ሌሊት እንዲህ የጎላችብሽ ለዚህ ነው። ድግግሞሹም አለ። ብስክሌት የተማራችሁበት ጊዜ ጥቂት ቀን ቢሆን ነው። አባትሽን ግን በቀን አሥር ጊዜ አገላብጠሻቸዋል ብንል እንኳ፣ በአራት ዓመት ተኩል ከ16,000 ጊዜ ይበልጣል። ወንድምሽ ይህ የለበትም። በዓመት አንዴ ያየው ነገር የልጅነቱን ትዝታ ሊሸፍንበት አልቻለም።

እናም እሱ የሚያስታውሰው ጤነኛውን አባት ነው። አንቺ የምታስታውሺው የታመሙትን። በእኔ አስተያየት የጠባችሁ ሥር እዚህ ነው። እሱ ሲስቅ፣ አንቺ የከፈልሽው ዋጋ እንዳልነበረ የተቆጠረ ይመስልሻል። አንቺ ስለ በሽታው ስታነሺ ደግሞ እሱ «አልነበርክም» እንዳልሽው አድርጎ ይሰማው ይሆናል። እሱን ስላላነጋገርኩት በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ግን ርቆ የኖረ ልጅ የራሱ የሆነ ጸጸት አያጣም። አንዳንዱ ይሄን ጸጸት በሳቅ ይሸፍነዋል።

ደውይለት። «አባዬ እንዴት ነበር?» ብለሽ አትጠይቂው። በጣም ሰፊ ጥያቄ ነው፣ ትዝታን አይቀሰቅስም። ትንንሹን ጠይቂው። ብስክሌቱ ምን ዓይነት ቀለም ነበረው? መጀመሪያ የወደቀው ማን ነበር? አባዬ ሮጦ መጣ ወይስ ቆሞ አየን? ደብዳቤው ላይ ያረመን የትኛውን ቃል ነበር? ትዝታ እንዲህ ባለ ቁራጭ ነገር ነው የሚመዘዘው። አንዱ ሲወጣ ሌላውን ጎትቶ ያመጣል። እሱ ሲጨርስ አንቺም በተራሽ አንዲት ሌሊት ንገሪው። አንዲት ብቻ። «ምንም አትመልስልኝ፣ ስማኝ ብቻ» በይው። እሱ የሌለውን ግማሽ የምትሰጪው አንቺ ነሽ።

ዕቃዎቻቸውንም ንኪ። ያስቀመጥሽው ኮት ካለ አሽትቺው። ሽታ በቃል ያልተደረሰበትን ትዝታ ድንገት ይከፍታል። ድምፃቸው ጠፋኝ ብለሻል። ከመታመማቸው በፊት የተቀረጸ ቪዲዮ ዘመድ ስልክ ውስጥ አይጠፋም። ሌላ ሰው እየተቀረጸ እሳቸው ከኋላ የሚናገሩበት ሊሆን ይችላል። ስታገኚው ብቻሽን ሆነሽ አትክፈቺው። አንዴ ሰምተሽ ስልኩን አስቀምጪና ወደ ሥራሽ ተመለሺ። ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳስረዱት፣ ያዘነ ሰው ወደ ኀዘኑ ገባ፣ ወደ ኑሮው ወጣ እያለ ይመላለሳል። መመላለሱ ጤናማ ነው። ለሁለት ሰዓት ረስተሻቸው ብትስቂ አልከዳሻቸውም።

የአልጋው ምስል ሲመጣም «ሂድልኝ» ብለሽ አትታገዪው። የተገፋ ሐሳብ እየተመላለሰ ያስቸግራል። ሦስቱን ወረቀት የቀደድሽው በሽታው እንዳይገባበት ስትጠነቀቂ ይመስለኛል። በሽታው ይግባ። መጀመሪያ ለራስሽ ብቻ፣ ለማንም የማይነበብ፣ የመጨረሻዋን ሌሊት እንዳለች ጻፊያት። ከዚያ በኋላ ለሌላው ቦታ ይገኛል።

አሁን ወደ ልጅሽ። ደብዳቤሽን ደግሜ ያነበብኩት በእሱ ምክንያት ነው።

አባትሽ ሲታመሙ እሱ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ጤነኛውን አያቱን ቢያስታውስ እንኳ በጣም ትንሽ ነው። አንቺ አልጋው ላይ የምታዪው የነበሩትንና ያጣሻቸውን አባት ነው። እሱ ያየው ግን አያቱን ነው፣ በቃ። ምንም አልጎደሉበትም። አንዲት ቃል ብቻ የቀረቻቸው ሰው፣ በዚያችው ቃል አምስት ነገር እየነገሩት አሳደጉት። ስትሮክ ንግግርን ሲወስድ የድምፅ ቃና ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ልጅሽ ያንን ቃና ተማረ። ሁላችሁም «አንደበቱ ተይዟል» ስትሉ፣ እነሱ ሁለቱ ሲያወሩ ኖረዋል። አንቺ በመድኃኒትና በአንሶላ ተወጥረሽ ለዚህ ጊዜ አልነበረሽም። ማንም በአንቺ ቦታ ቢሆን አይኖረውም ነበር።

ስለዚህ ሲጀምርልሽ አትውጪ። ልጆች በፍጥነት ይማራሉ። «ስለ አያቴ ካወራሁ እናቴ ትሄዳለች» ብሎ ከያዘው ዝም ይላል፣ ለአንቺ ሲል ኀዘኑን ይደብቃል። እንባሽ ከመጣ ይምጣ። «አያትህ ናፍቆኝ ነው የማለቅሰው፣ አንተ ምንም አላጠፋህም» በይው። በዘጠኝ ዓመት ሞት መመለሻ እንደሌለው ያውቃል፣ «ሞተ» የሚለውን ቃል አትፍሪበት። ከዚያ አምስቱንም እሺዎች አንድ በአንድ እንዲነግርሽ ጠይቂው። የውሃ ጥሙ የትኛው ነበር? የቀልዱስ? «ልተኛበት ተወኝ» የሚለውስ?

አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ ከስድስት ወር በላይ በኃይል የዘለቀና የዕለት ኑሮን ያናጋ ኀዘንን የተራዘመ ኀዘን ብሎ በሕክምና ችግርነት መዝግቦታል። ሰባት ወር ሆነኝ ብለሽ አትደንግጪ፣ ቀን መቁጠር ብቻውን ምንም አይናገርም። ግን ያቺ ሌሊት ዛሬ እየሆነች ያለች ያህል ሳትጠራ ከመጣች፣ እንቅልፍና ሥራ ከከለከለችሽ፣ ባለሙያ በአካል አግኚ። የመኖር ፍላጎት ካጣሽ ደግሞ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ንገሪና ወደ ሕክምና ሂጂ።

ለስብሰባው አንድ ገጽ ይበቃል። ከብስክሌቱ አትጀምሪ፣ እሱን ወንድምሽ ይተርከው። አንቺ ከእሺዎቹ ጀምሪ። መጀመሪያ የተናገሯት መቼ እንደነበር፣ አንቺ ስታገላብጫቸው በየትኛው ቃና ይሏት እንደነበር ጻፊ። ልጅሽን ከጎንሽ አስቀምጪው። እያነበብሽ ድምፅሽ ከተቆረጠ ወረቀቱን ስጪው፣ እያንዳንዷ እሺ እንዴት እንደምትባል ለሁላችሁም ያሰማችኋል።