ጎረቤቱ ነው የነጣው፦ ስለ ጥርስ ማንጣትና ሙሌት ከቱሉ ዲምቱ የመጡ ጥያቄዎች

እሑድ የኮንዶሚኒየማችን ዕድር ካበቃ በኋላ የጥርስ ሐኪም መሆኔን የሚያውቁ ጎረቤቶች ከበቡኝ። ጥር ደርሷል፤ ጥያቄው ሁሉ ስለ ሠርግ ፎቶ ነበር።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የፊት ጥርሴ በነጭ ተሞልቷል። ለልጄ ሠርግ ላስነጣ ነው፤ ሙሌቱም አብሮ ይነጣል?

መልስ፦ አይነጣም፣ እናቴ። ማንጫው ፐርኦክሳይድ ነው፤ ኢናሜሉን፣ ማለትም የጥርሱን ጠንካራ የላይ ሽፋን፣ ዘልቆ ጥርሱን ያቀለሙትን ውሕዶች ይሰባብራል። ኮምፖዚት የምንለው ነጭ ሙሌት ግን ፕላስቲክ መሰል ሙጫና የመስታወት ብናኝ ነው። ላዩ ላይ የያዘው የቡና እድፍ ሊለቅ ይችላል፤ የራሱ ቀለም ግን አይለወጥም። «ሙሌቴ ጠቆረ» ብለው የሚመጡ አሉ። ሙሌቱ እንደነበረ ነው፤ ጎረቤቱ ነው የነጣው።

ጥያቄ፦ እንግዲያው አስቀድሜ ሙሌቱን ላስቀይር?

መልስ፦ በፍጹም! መጀመሪያ ያስነጡ፣ ሁለት ሳምንት ይቆዩ፣ ከዚያ አዲሱን ሙሌት ከነጣው ጥርስ ጋር አመሳስለን እንሞላለን። የምንቆየው በሁለት ምክንያት ነው። ፐርኦክሳይድ በጥርሱ ውስጥ ኦክስጅን ትቶ ይሄዳል፤ ኦክስጅን ደግሞ ሙጫው በደንብ እንዳይጠነክርና እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ቀለሙም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ይመለሳል። ቤት ውስጥ የሚደረገው 10 በመቶ ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ ያለው የማንጫ ጄል ራሱ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ለጥር ሠርግ ኅዳር ላይ መጀመር ነበረብዎ፤ አሁን ግን ሙሌቱን አይንኩት።

ጥያቄ፦ የእኔ የመንጋጋ ሙሌት ብርማው ነው።

መልስ፦ አማልጋም ነው፤ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው። ፐርኦክሳይድ ሲነካው የሚለቀው ሜርኩሪ በመጠኑ ይጨምራል። ሲስቁ የማይታይ መንጋጋ ስለምን ይነጣል? ጄሉ የፊት ጥርሶች ላይ ብቻ ይቅር።

ጥያቄ፦ ከሰልና ሎሚስ?

መልስ፦ ሎሚው ኢናሜሉን ይበላል፣ ከሰሉ ሙሌቱን ይፍቃል። የሻከረ ሙሌት ደግሞ የቡናና የሻይ ቀለም ቶሎ ይይዛል።

ጥያቄ፦ እኔ ሳስነጣ የተሞላው ጥርሴ ብቻ ክፉኛ ጠዘጠዘኝ።

መልስ፦ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው ጥርስ ሁሉ ለጥቂት ቀን መጠዝጠዙ የተለመደ ነው። አንዱ ብቻ ከሆነ ግን የሙሌቱ ጠርዝ ሳይከፈት አልቀረም፤ ጄሉ በዚያ ሾልኮ ወደ ነርቩ እየቀረበ ነው። ማንጣቱን ያቁሙና ነገ ጠዋት ይምጡ፣ ልየው።