ሎጎ ላይ የቆመ ሳምሰንግ

ጥያቄ፦ ጋላክሲ ኤ12 ላይ ከቴሌግራም ያወረድኩትን ሮም (የስልክ ሙሉ ሶፍትዌር) ጫንኩ። አሁን ሎጎ እያሳየ ይጠፋል፣ ይበራል። «ቦርዱ ይቀየር» አሉኝ። ተስፋ አለው? (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መልስ፦ ለቦርድ አይቸኩሉ። ሮም ከተጫነ በኋላ እንዲህ የሚያደርግ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ሶፍትዌር ነው።

መጀመሪያ ሞዴሉን ያጣሩ። ኤ125ኤፍ ቺፑ ሚዲያቴክ ነው፣ ኤ127ኤፍ ደግሞ ኤክሲኖስ፤ ስማቸው አንድ ቢሆንም የአንዱ ሮም ለሌላው አይሆንም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለሞዴልዎ የወጣውን የሳምሰንግ ፈርምዌር (የፋብሪካውን ሶፍትዌር) ሲያወርዱ በስሪት ቁጥሩ ከመጨረሻ 5ኛዋን ፊደል ወይም አሃዝ ይዩ፤ ስልኩ ላይ ከነበረው ካነሰች ቡትሎደሩ (ስልኩ ሲበራ ሶፍትዌሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) አይቀበለውም።

ኮምፒውተሩ ላይ የሳምሰንግ ድራይቨር ይጫኑ፣ ፈርምዌር የሚጭነውን ኦዲን የተባለ ፕሮግራምም ይክፈቱ። የድምፅ መቀነሻውንና ፓወሩን አብረው ይጫኑ፤ ስክሪኑ እንደጠፋ ፓወሩን ለቀው ሁለቱንም የድምፅ ቁልፎች ይዘው ከኮምፒውተሩ የመጣውን ኬብል ይሰኩ። ማስጠንቀቂያው ሲመጣ የድምፅ መጨመሪያውን አንዴ ይንኩ። የፈርምዌሩን ፋይሎች፣ ቢኤል፣ ኤፒ፣ ሲፒና ሲኤስሲን፣ ኦዲን ላይ በየስማቸው ቦታ አስገብተው ያስጀምሩ። ዳታ ሳያጠፋ የሚጭነውን ሆም ሲኤስሲን ይተዉት፤ ሮሙን ለመጫን ቡትሎደሩ ተከፍቶ ከነበረ የድሮው ዳታ ያኔ ጠፍቷል፣ የሚሳሱለት ነገር የለም።

መብራት መሃል ላይ እንዳይቀጣዎ ባትሪው የሞላ ላፕቶፕ ይጠቀሙ። ኦዲን መጀመሪያው ላይ ቆሞ ከቀረ ኬብሉን ይቀይሩ፤ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል ገበያው ሞልቶታል።