ፒል (የወሊድ መከላከያ እንክብል) እና ውርጃ አንድ ናቸው ወይ ላልሽው
አይደሉም። ካቶሊኩ ባልሽ «ፒል መዋጥ ነፍስ ማጥፋት ነው» ያለሽን የሱ ቤተክርስቲያን ራሷ እንደዛ አትለውም። ፒል ትከለክላለች፣ ፖፕ ጳውሎስ 6ኛም እ.ኤ.አ. በ1968 አጽንተውታል፣ ግን አውቆ ያስወረደ ሰው ይወገዛል፣ ፒል የዋጠችን ማንም አያወግዛትም ንስሐ ግቢ ነው የምትባለው። ቀን ቆጥሮ መታቀብ ደግሞ ይፈቀዳል።

ባንቺ በኩል አብዛኛው የፕሮቴስታንት ቸርች ለባልና ሚስት ነው የሚተወው፣ አንግሊካኖችም (የእንግሊዝ ቤተክርስቲያን ወገኖች) ለወሊድ መከላከያ በሩን ገርበብ አድርገው የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1930 ነው (ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም)።

ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን መከላከያ) ካሰብሽ ግን ከማስገባትሽ በፊት ተነጋገሩ። እኛ ካስገባሁ በኋላ ነው ባሌ «የተፀነሰውን ማህፀን ላይ እንዳይጣበቅ ያደርጋል» የሚል አንብቦ የመጣው፣ ሐኪሟ ዋና ስራው ከመጀመሪያው እንዳይፀነስ ማድረግ ነው ብላ ብታስረዳውም ሁለት ወር ተኮራርፈናል።