አለቃዬ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ልቤ ለምን ይደልቃል?

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። አለቃዬ ሌላ ሰው ላይ እንኳ ቢጮህ ልቤ ይደልቃል፣ እጄን ያልበኛል፣ የምናገረው ይጠፋኛል። የልብ ምርመራ አድርጌ ደህና ነህ ተብያለሁ። ያደግሁት አባቴ መቼ እንደሚቆጣ በማይታወቅበት ቤት ነው። ይገናኛል?

መልስ፦ አዎ፣ ሊገናኝ ይችላል። ልጅን ይበልጥ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ቁጣው ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚመጣ አለመታወቁ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ልጅ የአባቱን የዕለቱን ስሜት ከበሩ አከፋፈትና ከእግሩ ኮቴ መለየት ይለምዳል። አሚግዳላ የተባለው አደጋን የሚጠቁም የአንጎል ክፍልም በትንሽ ምልክት መንቃትን ይማራል። ያኔ ጠብቆዎታል፤ ዛሬ ግን ስብሰባ ላይ ያስቸግርዎታል።

ድምፅ ከፍ ሲል አድሬናሊን የተባለው የድንጋጤ ሆርሞን በሰከንዶች ውስጥ ይረጫል። ኮርቲሶል የተባለው ሌላው የጭንቀት ሆርሞን ግን ዘግይቶ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው ጣሪያ የሚነካው። ስለዚህ ጩኸቱ ካለፈ በኋላም ሰውነትዎ ገና ስላልተረጋጋ፣ በዚያ ግማሽ ሰዓት የመልቀቂያ ደብዳቤ አይጻፉ። (በተቃራኒው ኮርቲሶላቸው እምብዛም የማይጨምር፣ የደነዘዙ የሚመስሉም አሉ። ያም ሁልጊዜ እርጋታ ነው ማለት አይደለም።) አስቸጋሪ ቤት ያደገ ሁሉ እንዲህ ይሆናል ማለትም አይደለም፤ አያትም ትሁን አክስት፣ አንድ የሚተማመኑበት አዋቂ መኖሩ ብዙ ያቀላል።

አተነፋፈስን ይለማመዱ፦ በአፍንጫ 4 ሰከንድ ያስገቡ፣ 6 ሰከንድ ያስወጡ፤ ለ5 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ብዙዎች የሚሳሳቱት የመጀመሪያ ሙከራቸውን ልክ በድንጋጤው መሐል ስለሚያደርጉት ነው። ሳይደነግጡ ይልመዱት። አየር በኃይል አይሳቡ፤ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ያዞራል፣ ጣትንም ይነዝራል።

ለሁለት ሳምንት በማስታወሻ ይያዙ፦ ምን ቀሰቀሰው፣ የት ተሰማዎት፣ ለመረጋጋት ስንት ደቂቃ ፈጀ? መሻሻል ቀድሞ የሚታየው ብዙ ጊዜ በደቂቃው ላይ ነው፤ ድንጋጤው ራሱ ቶሎ አይጠፋም። ቡናም ይቀንሱ፤ ከጠጡት ካፌይን (ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር) ግማሹ 5 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላም ደምዎ ውስጥ ነው።

የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) እና የደም ማነስ ምርመራ ካላደረጉ ያድርጉ፤ ከመጠን በላይ የሚሠራ ታይሮይድም ሆነ የደም ማነስ ልብን ያስደልቃሉ። ችግሩ ሥራዎን ወይም እንቅልፍዎን ካወከ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያማክሩ፤ የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና በአብዛኛው በሳምንት አንዴ፣ ከ12 እስከ 16 ጊዜ ይሰጣል። ራስዎን ከሳቱ፣ ሲንቀሳቀሱ ደረትዎን ካመመዎት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ሕክምና ይሂዱ።